ውሻ የለንም

የካቲት 17 ቀን 2017፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ቅበላውን ትናንት ብቻዬን ዋልኩ። ልጄ ቤዛብሕ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ነው፤ ይህን ደብተር ያወጣሁትም ለዚያ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ የራሴን አንድ ገጽ ጽፌ አላውቅም። አሁን ጡረታ ነኝ፣ ልጄን ቀብሬያለሁ፣ ቤት ውስጥ የቀረችኝ ውሻ ናት።

ውሻዋም የሱ ናት። ዳማ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ፣ የሚያጥባት እሱ፣ ክትባቷንና ኪኒኗን የሚያስታውስላት እሱ ነበር። ጥር ላይ ስትወልድ ግን አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። አምስት ቡችሎች ወለደች፤ ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ አንዱ ብቻ እግሩ ነጭ ነው። አሁን እሷ አጥንቷ ወጥቷል፣ የልጆቿ ሆድ ደግሞ ተነፍቶ ከበሮ አክሏል። እናታቸውን ጠብተው ጨረሷት። ሥጋ ቤቶቹም ዛሬ ዘጉ። የሰፈራችን የቀጨኔ ውሻ ሁሉ እስከ ፋሲካ ሳይወድ በግዱ ከእኛ ጋር ጿሚ ነው። ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጠኋት፤ አሽታ ትታው ሄደች።

የካቲት 20

ርሆቦት ዛሬም ከቡችሎቹ አልተለየችም። የጓሮዋን ክፍል የተከራዩት የናዝሬትና የሲላስ ልጅ ናት፤ ገና አራት ዓመት አልሞላትም። ነጭ እግሩን ቡችላ ዳቦ ብላዋለች። ብብቷ ሥር ሸጉጣው ትዞራለች፣ አፉን ትስመዋለች፣ «እማማ አጸደ፣ ዳቦ ርቦታል» እያለች ታዘኛለች። ከቤዛብሕ በኋላ በዚህ ግቢ የሳቅኩት በዚህች ልጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎመኑ ሥር ቁጭ ብላ አፈር ስትልስ ተገኘች። ናዝሬት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ጠረገችላት።

«ካልሲየም አንሷት ይሆን እትዬ?» አለችኝ።

«አፈር ያልላሰ ልጅ የታለ? ሁላችንም ልሰን ነው ያደግነው» አልኳት።

የዳማን ቆሻሻ ጠርጌ የምቀብረው እዚያው ጎመኑ መደብ ላይ ነው። ቤዛብሕ «እማዬ፣ አቃጥዪው እንጂ አትቅበሪው» ይለኝ ነበር። ምክንያቱንም ነግሮኛል፤ አላዳመጥኩትም። ጎመኑ ግን እንደዚህ ዓመት ፋፍቶ አያውቅም።

የካቲት 26

አንዱ ቡችላ ሞተ። ጠዋት ሲያስመልሰው ነበር። የወጣው ትል ነው፤ ነጭ፣ ረጅም፣ የተቀቀለ ፓስታ የመሰለ። ይንቀሳቀሳል። ርሆቦት ሳታይ በፌስታል ጠቅልዬ ጣልኩት።

እኔ ዳማ የከሳችው በጾሙ ነው ብዬ ነበር።

የካቲት 27

ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ዶክተር ሀያም ትባላለች፤ ሂጃብ የለበሰች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። የሆነውን ነገርኳት።

«ወስፋት ነው እማማ» አለችኝ። «የውሻ ወስፋት። ቡችላ ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ይይዘዋል፣ ሲጠባም ይይዘዋል። ያ የተነፋው ሆድ ጥጋብ አይደለም፣ ትል ነው።»

«እኔ እኮ እሷም የከሳችው በጾሙ መስሎኝ። ሥጋ ስላጣች።»

ፈገግ አለች። «በጾም ሰሞን የሚመጣ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለኝ። ፋሲካ እስኪደርስ ይጠብቁና ከዚያ ሞተብን ብለው ይመጣሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ኪኒን የሰጣችኋት መቼ ነው?»

ባለፈው ሰኔ ኪኒኗ ሲደርስ ቤዛብሕ ታሞ ተኝቶ ነበር። ነሐሴ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማን ይስጣት?

«ቆይቷል» አልኳት።

«ግቢው ውስጥ ሕፃን ልጅ አለ?»

«ልጅ የለኝም።»

እውነቴን ነው። ልጅ የለኝም።

እሷ ግን ነገሩን አልተወችውም። «ይሁን፣ ለጎረቤትም ቢሆን ይወቁት። እንቁላሉ ከቆሻሻው ጋር ይወጣና አፈር ውስጥ ዓመት አልፎት ይቆያል። ሕፃን በእጁ ወደ አፉ ከወሰደው ትሉ ሰውነቱ ውስጥ መንከራተት ይጀምራል። ጉበት ይገባል፣ ሳንባ ይገባል፣ አንዳንዴም ዓይን።» ኪኒኑን ለእናቲቱም ለልጆቿም ሰጠችኝ። በየሁለት ሳምንቱ እንድደግመው፣ ቆሻሻውንም እንዳቃጥለው ነገረችኝ።

ቤዛብሕም ያለኝ ይህንኑ ነበር።

የካቲት 29

ኪኒኑን በወተት በጥብጬ ሰጠኋቸው። ትሉ ወጣላቸው። ስንት እንደወጣ አልጽፍም።

ጎመኑን ነቀልኩና መደቡን አመድ አለበስኩት። ናዝሬት ከበሯ ሆና አየችኝ። «ምነው እትዬ፣ ያን የመሰለ ጎመን!» አለች። ተባይ ገባበት አልኳት። እግረ መንገዴን «ቡችሎቹ ቁንጫ አለባቸው፣ ልጅሽን ራቅ አድርጊያት» አልኳት። ቁንጫ አልኩ ትል አልኩ፣ ራቅ ካደረገቻት ያው ነው።

አላራቀቻትም። ለቁንጫ ብሎ ማን ልጁን ያርቃል።

መጋቢት 9

ዳማ ሥጋ መልበስ ጀምራለች፤ ጾሙ ግን እንዳለ ነው። ሦስቱን ቡችሎች ለሰው ሰጠሁ። ዳቦን ልሰጥ ስል ርሆቦት ቀሚሴን ይዛ አለቀሰች። ይቅር። ኪኒን የወሰደ ቡችላ ምን ያደርጋል።

መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ ስመለስ አቶ ወልዱ በራፌ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አጥር የምንጋራ ጎረቤት ነው፤ የቤዛብሕን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ስለሆነ ክፉ ልናገረው አልፈልግም።

«ወይዘሮ አጸደ፣ ይህቺ ውሻ እንቅልፍ ነሳችን። እስካሁን ልጅዎን አክብሬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ወደፊትም ያክብሩት።»

«እኔማ አከብራለሁ። ሰፈሩ ውስጥ ሥጋ የሚወረውር ሰው ግን አይጠፋም።»

ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚወረወር አውቃለሁ። ዓምና ከታችኛው መንገድ ያሉት ውሾች አረፋ ደፍቀው ሲፈራገጡ አይቻለሁ። ውሻዋ አንድ ሰበብ ብቻ ይበቃታል። አንድ ሰው ተነክሶ፣ አንድ ሰው በሷ ታሞ ቢሰማ፣ አቶ ወልዱ ማንንም አይጠይቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳማ በሩ ሥር ሄዳ ትተኛለች። ቤዛብሕ ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው። እግር በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ታቆማለች። እሱን የሚጠብቅ ሌላ ፍጡር በዚህ ዓለም የለኝም፤ እኔ እንኳ መጠበቅ ትቻለሁ።

መጋቢት 19

ርሆቦት እየሮጠች መጥታ የበሩን መቃን ገጨች። አላየችውም ነበር። ትኩር ብዬ ሳያት ግራ ዓይኗ ሸወር ያለ መሰለኝ። ናዝሬት «እያሾፈች ነው፣ ሰሞኑን እንዲህ ታደርጋለች» አለች።

ራቅ አድርጊያት ብያታለሁ። ይህን ማንም አይክደኝም።

መጋቢት 22

ናዝሬት ስልኳን ይዛ መጣች። ሲላስ ሹፌር ነው፤ ጭነት ይዞ ወደ ጅማ ከመውረዱ በፊት ልጁን በፍላሽ ፎቶ አንስቷታል። ርሆቦት ዳቦን አቅፋ ትስቃለች። ቀኝ ዓይኗ በፍላሽ እንደሚሆነው ቀላ ብሏል። ግራው ነጭ ነው፤ ብሌኑ ላይ ጠብታ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

«ካሜራው ነው አይደል እትዬ?»

«ካሜራው ይሆናል።»

አንዳንዴም ዓይን፣ ነበር ያለችው ሀያም።

መጋቢት 26

ክሊኒኩ ለርሆቦት ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት። ናዝሬት «እትዬ፣ አብረውኝ ይሂዱ። ሐኪም ፊት ስቆም ነገር ሁሉ ይጠፋብኛል» አለችኝ። እሺ አልኳት። እምቢ እንዴት ይባላል።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ጠዋት የገባን ወደ ማታ ተመለስን። ርሆቦት ቀኑን ሙሉ ጭኔ ላይ ነበረች፤ እናቷ ካርድ ለማውጣት፣ ለመሰለፍ፣ ለመጠየቅ ስትሯሯጥ ዋለች። ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ ላቧ ሸሚዜን አራሰው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደክሞታል፣ ግን ትሑት ነው። ናዝሬት ፎቶውን አሳየችው። በሁለት ጣቱ ዓይኗን ብቻ አጎላው። የዳቦ ጆሮና ነጭ እግሩ ከስልኩ መስኮት ወጡ፤ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ልቤ ዘለለ፤ ለምን እንደሆነ አልመረመርኩትም።

ከዚያ ጥያቄውን አከታተለባት። ከቤተሰብ በልጅነቱ ዓይኑን ያጣ አለ? የለም። በጊዜዋ ነው የተወለደችው? አዎ። ወድቃ ወይ ተመትታ ታውቃለች? አታውቅም።

«ውሻ አላችሁ? ቡችላስ?»

«የለንም» አለች ናዝሬት።

ሳታመነታ ነው ያለችው። እውነትም የላቸውም። ተከራይ ምን ውሻ አለው? ግቢው የሰው፣ በሩ የሰው፣ ውሻውም የሰው ነው። እኛ ሰፈር ተከራይን ውሻ አለህ ብትለው፣ ውሻ እየጮኸበት እንኳ የለኝም ነው የሚልህ። ሐኪሙ ጻፈና ወደሚቀጥለው አለፈ። እኔ የርሆቦትን ጫማ አስር ነበር።

የጠየቁት እሷን ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሚያዝያ 1

በአልትራሳውንድ አዩት። ዕጢ እንዳይሆን እንፈራለን አሉ። ካንሰር ከሆነ ከዓይኗ አልፎ ወደ አንጎሏ ይሄዳል፤ ዓይኑ ግን ከወዲሁ ብርሃን የለውም። ስለዚህ ይውጣ ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ። ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ሲመረመር ነው።

ሲላስ ከጅማ ሌሊቱን ሲነዳ መጣ። ግቢው መካከል ቆሞ «ጌታ ሆይ፣ የኔን ውሰድና የሷን ተው» ሲል ሰማሁት። መጋረጃውን ዘጋሁ።

ሚያዝያ 3

ሀያም ዘንድ ሄድኩ። ለዳማ ቀጣዩን ኪኒን ብዬ።

«እንደው ለማወቅ ያህል፣ ይህ ትል ዓይን ያጠፋል ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«አልፎ አልፎ ነው። ዓይን ውስጥ ሲገባ ነጭ እብጠት ይሠራል፣ ዕጢ ይመስላል። ሐኪሞቹ ራሳቸው ይቸገራሉ።»

«ታዲያ በምን ይለዩታል?»

«ልጁ ከቡችላ ጋር ይውል እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ አፈር ይበላ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ያ ካለ ደሙን አስመርምረው፣ ጠብቀው፣ ደግመው ያዩታል። ብርሃኑ ባይመለስም ዓይኑን ከመውጣት ሊያድኑት ይችላሉ።» ከዚያ ኪኒኑን መቁረጥ አቆመች። «ማነው የታመመው እማማ?»

«የሩቅ ዘመድ ነው። ወሬ ሰምቼ ነው።»

«ለሐኪሙ ይንገሩት፣ እባክዎ። ዛሬ።»

እሺ ብያት ወጣሁ። ታክሲ ሳልይዝ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።

ሚያዝያ 4

እስቲ ረጋ ብዬ ላስብ።

ብናገር መጀመሪያ ምን ይሆናል? ሲላስ ቢታገሥ አቶ ወልዱ አይታገሥም። ዳማን ሳምንት አያሳድራትም። ቤዛብሕ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የጠየቀኝ ስለሷ ነው፤ «እማዬ፣ ዳማን አደራ» ነው ያለኝ። ስለ ቤት አላለ፣ ስለ ዕቃ አላለ።

ሁለተኛ ነገር፣ ካንሰር ቢሆንስ? እኔ ትል ነው ብዬ ሐኪሞቹን ባዘገያቸው፣ በዚያ መሀል በሽታው አንጎሏ ቢገባ፣ ገዳይዋ እኔ ልሆን ነው። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ እነሱ ሐኪሞች ናቸው። ካንሰር ሊሆን ይችላል ካሉ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ ነገር የለኝም።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ዘንባባ ይዤ ገባሁ። ለርሆቦት ከዘንባባው ቀለበት ሠርቼ ጣቷ ላይ አጠለቅሁላት። ለዳቦም ሥሪለት አለችኝ።

ሚያዝያ 8

ናዝሬት ጓሮ ጠርታኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ሲላስ እንዳይሰማ። ከእንጦጦ ማርያም ጸበል ያመጡልኛል?» አለችኝ። የጸሎት ቤቷ ሰዎች ትናንት መጥተው እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩላት አምሽተዋል። እሷ ግን በዚያ ብቻ ማረፍ አልቻለችም። «የማን እንደሆነ አልመርጥም፤ ልጄን ያድንልኝ እንጂ» አለች።

በሰሙነ ሕማማት እንጦጦ ወጣሁ። ጄሪካኑን በጀርባዬ ተሸክሜ ስወርድ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ናዝሬት በሩ ላይ ተቀብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ከለከልኳት። «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ።

ውኃውን ተሸክሜላታለሁ። አንድ ቃል ከውኃ ይከብዳል ብል ማን ያምነኛል።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ቀኑን ሙሉ ሰገድኩ። ማምሻውን ካህኑ ፊት ወረፋ ያዝኩ። በወይራው ቅጠል ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «ምን በድለሻል?» አሉኝ።

ሐሜት አልኳቸው። ቁጣ አልኳቸው። በልጄ ሞት እግዚአብሔርን አማርሬያለሁ አልኳቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም አባቴ።»

ስግደት ጨመሩልኝ። ሰገድኩት፤ ከዚያም በላይ ሰገድኩ። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ኃጢአቴ ነው። ስለ ውሻ አልጠየቁኝም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ፈሰክን። ሥጋ ቤቱ ተከፈተ፤ ዳማ አጥንት አገኘች። ናዝሬት ለባሏ ዶሮ ሠርታ ለኔም በሳህን ላከችልኝ። ርሆቦት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ልታሳየኝ መጣች፣ ዞረችልኝ፣ በግራዋ የነበረውን ወንበር አላየችውም። ዓይኗ የሚወጣው ረቡዕ ነው።

ዶሮውን አልበላሁትም።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ልነግረው ወስኜ ነው የሄድኩት። ይህን እዚህ ላስፍረው፤ ወስኜ ነበር።

ሐኪሙ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ በኮሪደሩ መጣ። ብድግ አልኩ። ቆመልኝ።

«አያቷ ነዎት?»

«አከራያቸው ነኝ።»

«ይጸልዩ እናቴ» አለኝና ትከሻዬን ነክቶ አለፈ። አንድ እርምጃ ተከትየዋለሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሲላስ ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ ናዝሬት የልጅቷን ጫማ አቅፋለች።

አከራይ ነኝ ስለው የማን አከራይ፣ ምን ያለበት ግቢ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር። አልጠየቀኝም።

ሚያዝያ 16

ዳቦን ሱሉልታ ለምትኖር የአጎቴ ልጅ ሰጠሁት።

ሚያዝያ 22

ርሆቦት ቤት ገባች። ግራ ዓይኗ ላይ ፋሻ አለ። ስትሄድ እጇን ዘርግታ ነው። ዳቦን ግቢው ሙሉ ፈለገችው፤ ጓሮ ሄደች፣ የእንጨት ክምሩ ሥር ጎንበስ አለች፣ ዳማን «ልጅሽ የታለ?» አለቻት። እኔ መስኮቴ ሥር ነበርኩ።

ሚያዝያ 29

እንቅልፍ የለም። ዳማ ደህና ናት፤ ፀጉሯ ያብረቀርቃል።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ናዝሬት ከሆስፒታል ደወለች። ስታለቅስ የምትለው አልሰማ አለኝ። «ካንሰር አይደለም እትዬ። አይደለም አሉን። ልጄ አትሞትም።» ሲላስ ስልኩን ተቀብሎ እሱም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው፣ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ልጅቷ አትሞትም።

ሲመጡ ግቢው በሰው ሞላ። የጸሎት ቤታቸው ሰዎች ዘመሩ። አቶ ወልዱ እንኳ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስይዞ መጣ። ናዝሬት በሰው ፊት አንገቴን አቅፋ «ይህቺ እናቴ ናት። ከጎኔ ያልተለየች እሷ ናት» አለች። ሰዉ እኔንም መረቀኝ።

ካንሰር ካልሆነ ምንድነው ብሎ በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል የጠየቀ የለም።

ግንቦት 6

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። ርሆቦት ጭኔ ላይ ተቀምጣ የብርቱካን ልጣጭ ትፈተፍታለች። ናዝሬት ከክፍሏ ወጥታ መጣች፤ ስልኳን በእጇ ይዛለች። አልተቀመጠችም።

«ትናንት ውጤቱን በወረቀት ልቀበል ተመልሼ ሄድኩ» አለች። «ታዲያ ምን ነበር አልኩት ሐኪሙን። ትል ነው አለኝ፤ ከቡችላ የሚመጣ። ያን ቀን ጠይቄሽ ነበር እኮ አለኝ። እኔም የለንም አልኩ። አስታወሱ? የለንም አልኩ።»

«አስታውሳለሁ።»

«እኔ ነኝ። በገዛ አፌ ነው የለንም ያልኩት። ሌሊቱን ሙሉ እያልኩት ያደርኩት ይህንን ነው። አዎ ብዬ ቢሆን ዓይኗ አይወጣም ነበር፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት።» ፎቶውን ከፍታ አሳየችኝ። አሁን አላጎላችውም። ዳቦ ሙሉውን አለ፤ ነጭ እግሩን ርሆቦት አገጭ ላይ አድርጎ። «ለሐኪሙ ያሳየሁት ይህንኑ ነው። እንዴት አልታየኝም?»

አንቺ አይደለሽም ልላት ፈለግኩ። ይህን ለማለት የሚቀጥለውንም ማለት ያስፈልጋል።

ከዚያ ማልቀሷን አቆመች። ጎመኑ የነበረበትን ባዶ መደብ አየች፤ አመዱን። በሩ ሥር የተኛችውን ዳማን አየች። ወደኔ ስትዞር ድምፅዋ ዝቅ ያለና ጨዋ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው አከበረችኝ።

«እትዬ አጸደ፣ ጎመኑን የነቀሉት ለምንድነው?»

የርሆቦትን ቀሚስ ጫፍ አስተካከልኩላት።

«ያን ቀን ሆስፒታል ስንሄድ ያውቁ ነበር?»

ጠየቀችኝ። በስሜ ጠርታ፣ ፊት ለፊት፣ ሌላ የሚመልስላት ሰው በሌለበት።

«አዎ» አልኳት።

አልጮኸችም። ሁለት እርምጃ መጣችና እጆቿን ዘርግታ ርሆቦትን ከጭኔ ላይ አነሳቻት። ልጅቷ የብርቱካኑን ልጣጭ አልለቅም ብላ ነበር፤ ናዝሬት ጣቶቿን አንድ በአንድ አስለቀቀቻትና ልጣጩን በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ከቤቴ ምንም ይዘው እንዳይሄዱ። ክፍላቸው ገብተው በሩ ሲዘጋ ዳማ ጆሮዋን አቆመች፣ ማንም አለመምጣቱን አየችና መልሳ ተኛች።